ለአንድ ሰው ብቻ የተላከ ሰላምታ

የጋሽ ሞላልኝን ሞት ያገኘሁት ቆሻሻ ውስጥ ነው። ለማጋነን አይደለም። ጎንደር በምሠራበት ሆቴል ቢሮዬ ተቀምጬ፣ በኢሜይል የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር እየጠበቅሁ ነበር። ቁጥሩ አልመጣ ሲለኝ ማሽኑ «ቆሻሻ ናቸው» ብሎ የሚጥላቸውን መልእክቶች የሚያጠራቅምበትን ሳጥን ከፈትኩ። ሎተሪ ደርሶሻል የሚል አለ። በሁለት ሳምንት ውፍረትሽን እናጠፋልሻለን የሚል አለ። በሁለቱ መሀል «የአባታችን የሞላልኝ ዕረፍት» የሚል ተቀምጧል። የላከችው ልጃቸው ሰብለ ናት፤ ከተላከ ሃያ ሁለት ቀን ሆኖታል። ቀብራቸው ዳባት ተፈጽሟል፣ ለአርባቸው ግን ብትመጪ ደስ ይለናል ይላል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ሳቅሁ። የሰው ደብዳቤ ቆሻሻ ውስጥ እንዳይገባ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው የራሳቸው መርዶ ቆሻሻ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ተገኘ። እሳቸውም ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ሞላልኝን ያወቅኋቸው ደባርቅ ነው። እኔ ያን ጊዜ የአቶ ጌጡ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። አቶ ጌጡ ደግሞ የማኅበራችን ሊቀመንበር ነበሩ። ማኅበሩ ሰሜን ተራራን ሊያዩ በሚመጡ እንግዶች የሚተዳደሩ የደባርቅና የዳባት ሰዎች ያቋቋሙት ነው፤ ማረፊያ ያላቸው፣ መንገድ የሚመሩ፣ በቅሎ የሚያከራዩ፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ቤት። ጋሽ ሞላልኝ የማኅበሩ የኢሜይል ሰው ነበሩ። ሌላ ከተማ ቢሆን «የአይቲ ባለሙያ» ይባሉ ነበር። ደባርቅ ግን «መሪጌታ ሰርቨር» ብሎ ሰየማቸው።

ስሙ ከሜዳ አልመጣም። በወጣትነታቸው ደረስጌ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ለምን ሳይጨርሱ እንደወጡ የጠየቃቸው ሁሉ «ብርዱ» የሚል መልስ ያገኛል። ከብርድ ሸሽቶ ደባርቅ የመጣ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። መጥተው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጻፊ ሆኑ። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በታይፕ፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ማመልከቻው ወደ ውጭ አገር የሚሄድበትን መንገድ ተማሩ። ከማን እንደተማሩ አይታወቅም፤ ሲጠየቁ «ተጽፏል እኮ፣ ማንበብ ነው» ይላሉ።

እያንዳንዱ አባል የራሱ ስም ያለው የኢሜይል አድራሻ ነበረው። ነገር ግን የሁሉም ደብዳቤ የሚወጣው ሰርቨር ከሚባል ከአንድ አሮጌ ማሽን፣ ማሽኑ በሚታወቅበት በአንድ ቁጥር ነው። ከውጭ ለሚያየን አሥራ አንድ ቤት ሳንሆን አንድ በር ያለው ግቢ ነበርን። ማሽኑ ከማኅበሩ ቢሮ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ሲያልቅ ጋሽ ሞላልኝ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። በክረምት ደባርቅ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ቢኖር ያቺ ክፍል ብቻ ስለነበረች አባላቱ «ደብዳቤ መጥቶልኝ ይሆን?» እያሉ ይገቡና ከማሽኑ ጀርባ በሚወጣው ትንፋሽ እጃቸውን ያሞቃሉ።

«ይኼ ምድጃ አይደለም!» ይላሉ ጋሽ ሞላልኝ። ወዲያው ግን ወንበር ያቀርባሉ።

ደብዳቤ ሊልኩ ሲሉ የሱፍ ቆባቸውን ያወልቃሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የሰው ቤት ልንገባ አይደል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሁለት ቀለም ያለው ደብተርም ነበራቸው። የደረሰውን ደብዳቤ በጥቁር ይጽፋሉ። ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ ተመልሶ የመጣውን፣ ወይም መልስ ያላገኘውን፣ የተጻፈለትን ሰው ስም በቀይ ይጽፋሉ። ቅዱሳት መጻሕፍት ላይ የጌታና የእመቤታችን ስም በቀይ እንደሚጻፍ እናውቃለንና ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይህን ሲያዩ ተቆጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዳባት ማረፊያና ስድስት በቅሎ ያላቸው፣ ማኅበሩ ውስጥ ድምፃቸው ከሁሉም የሚሰማ ሴት ናቸው።

«ደብዳቤ አልቀበልም ያለን ፈረንጅ ስም በቀይ? አንቱ ሰውዬ፣ ጤና የለዎትም?»

«ቀይ እኮ እንዲታሰብ ነው» አሉ ጋሽ ሞላልኝ። «የደረሰውማ ደረሰ። የሚታሰበው ያልደረሰው ነው።»

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ከአንድ አድራሻ በቀን ከሃምሳ ሰው በላይ ደብዳቤ አይላክም። አዲስ አባል ሲገባ ፊታቸው ቆሞ ቃል ይገባል፤ ያስቁብን ነበር። ደጋግመው ያስረዱናል። የዓለም የኢሜይል በረኞች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁበት ጥቁር መዝገብ አለ፤ ብዙ ሰው ያልፈለገውን ደብዳቤ የላከ ማሽን ቁጥሩ እዚያ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ከዚያ ማሽን የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ የጥፋተኛውም የንጹሑም፣ በር ላይ ይመለሳል።

«እንደ ግዝት ነው» ይሉ ነበር። «ከተገዘተው ጋር አንድ ማዕድ የቀረበ አብሮት ይገዘታል። እኛ ደግሞ አሥራ አንዳችንም ማዕዳችን አንድ ነው። ስለዚህ ስማችሁን ጠብቁ።»

«እሺ መሪጌታ» እንላለን። እንወጣለን። እንረሳለን።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልግባ።

መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ እንግዳ የሚባል ያላየንባቸው ዓመታት አልፈው ነገሩ ሁሉ ቀስ እያለ ሲመለስ አንድ የውጭ አገር የእግር ተጓዦች ክበብ ጻፈልን። በጥቅምት ሠላሳ ስድስት ሰው በሦስት ዙር እንልካለን፣ ማረፊያም በቅሎም መሪም ከእናንተ ነው፣ እስከ መስቀል ድረስ ማረጋገጫ ላኩልን ይላል። ይህ ለአሥራ አንዱም ቤት የሚበቃ ሥራ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሸጧቸውን ሁለት በቅሎዎች መልሰው ለመግዛት ተነጋገሩ። አቶ ጌጡ ጣሪያቸውን ቀለም አስቀቡ። እኔም በዚያ ክረምት ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ አንድ መልካም ነገር ላድርግ ብዬ አሰብኩ።

ቤታችን ሃያ አንድ የእንግዳ መዝገብ ነበረው። እንግዶች ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ «ተራራው ግሩም ነው፣ ብርዱ ግሩም ነው» የሚለውን አስተያየታቸውን ያሰፈሩበት፣ አንዳንዱ አይጥ የቀመሰው። ነሐሴን ሙሉ ዝናቡን እየሰማሁ በመዝገቦቹ ውስጥ ያለውን ኢሜይል ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ለሁሉም «እንኳን አደረሳችሁ» ልላቸው ነው።

ሃምሳ የሚለው ሕግ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል። ግን ያ ሕግ ለማስታወቂያ እንጂ ለሰላምታ አይሆንም አልኩ። ደግሞስ ሃምሳውን ሰላም ብዬ ሌላውን በምን ልለየው? አንዱን ሰላም ብሎ አጠገቡ ያለውን ማለፍ በእኛ አገር ነውር ነው። በእኛ ቤት ስም ብቻ ቢሄድም ሌሎቹ አባላት ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ አምስት ሰዎች የይለፍ ቃሉን በምናውቀው በማኅበሩ የጋራ አድራሻ አደረግሁት፤ የአሥራ አንዱንም ቤት ስም፣ ከሥሩ የማኅበሩን ድረ ገጽ ጨመርኩበት። በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ለእኔ ብቻ በታየኝ ትሕትና ተሞልቼ፣ ላክሁት።

በዓሉን በደስታ ዋልኩ።

በማግስቱ ጋሽ ሞላልኝ ክፍሏን ሲከፍቱ ማሽኑ ያቃስት ነበር አሉ። የተመለሰው ደብዳቤ ማለቂያ የለውም። ከሃያ ዓመት በፊት ደባርቅ ያደረ ሰው ኢሜይሉን ትቶታል፤ የተተወውን አድራሻ በረኞቹ ወጥመድ አድርገውታል፤ እዚያ የገባ ደብዳቤ ላኪው ማንን እንደሚያስቸግር የማያውቅ መሆኑን ይመሰክርበታል። የደረሳቸውም ቢሆኑ ብዙዎቹ ማን እንደሆንን ረስተውን «ይህ ቆሻሻ ነው» የሚለውን ተጭነዋል። እስከ ከሰዓት በኋላ ቁጥራችን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባ።

ያን ዕለት አቶ ጌጡ ለእግር ተጓዦቹ የላኩት ማረጋገጫ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ሞላልኝ ቆባቸውን አውልቀው መልሱን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡላቸው፤ «የእናንተ አገልጋይ ስሙ ያልተመሰገነ በመሆኑ ደብዳቤያችሁን ልንቀበል አልቻልንም።»

«ስሙ ያልተመሰገነ?» አሉ አቶ ጌጡ። «የማን ስም?»

«የሁላችን» አሉ ጋሽ ሞላልኝ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሁላችን የሚለውን አልተቀበሉም። በማግስቱ ጎንደር ወርደው፣ ከእኛ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ድርጅት ዘንድ አዲስ አድራሻ አስከፍተው፣ ለተጓዦቹ ጻፉ። ተመለሰ። እንደገና ጻፉ። ተመለሰ። ዳባት ሳይወርዱ ቀጥታ ደባርቅ መጥተው ክፍሏ በር ላይ ቆሙ።

«ከናንተ ግቢ ወጣሁ፣ የራሴን በር ሠራሁ፣ አሁንም ያባርረኛል! ምን አድርጌው ነው?»

ጋሽ ሞላልኝ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው እስከ ታች አነበቡት። ከስማቸው ሥር እንደ ልማዳችን የማኅበሩ ድረ ገጽ ተጽፏል።

«ይኼውልዎ» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። «ቁጥሩ ብቻ አይደለም የተገዘተው፤ በዚያ ሰላምታ ላይ የነበረው የድረ ገጻችን ስምም አብሮ ተገዝቷል። ይኼን ስም የያዘ ደብዳቤ በየትም በር ይውጣ አይገባም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስሙን ፍቀው ላኩ። አሁን ደረሰ። ተጓዦቹ ግን ከማያውቁት አድራሻ፣ የማኅበሩን ድረ ገጽ እንኳ ያልጻፈ ሰው የማኅበሩ ነኝ ሲላቸው አጭበርባሪ መሰላቸው፤ አልመለሱም። ስልክ ቁጥራቸውን ደግሞ ማንም አልነበረውም።

«በቃ ይቅርታ ይጠየቅልን!» አሉ አባላቱ በአንድ ድምፅ። ጋሽ ሞላልኝ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጥቁሩን መዝገብ የሚጠብቁት ሰዎች ቅጽ አላቸው፤ ምን እንደተፈጠረ፣ እንዴት እንደቆመ ተጽፎ ይላካል። ጥፋቱ ሳይቆም የጠየቀ እንደገና ይመዘገባል፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይረዝማል።

«ንስሐው ሳይቀድም ፍትሐት የለም» አሉ። «ያን ሰላምታ የላከው ሰው ይንገረኝ። ለብቻዬ ቢነግረኝ ይበቃል። ማሽኑ ማን ከየት እንደላከ ከሚይዘው መዝገብ ለማየት አልፈልግም፤ በራሱ ቢመጣ ይሻላል።»

ሦስት ቀን ጠበቁ። ሦስቱንም ቀን በቢሮው በር አለፍኩ። አንድ ጊዜ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጠው በአንደኛው ተቀምጠዋል። ሌላኛው ባዶ ነበር። እኔ ሱቅ እንደምሄድ ሰው ፈጠን ብዬ አለፍኩ።

በአራተኛው ቀን አቶ ጌጡ አባላቱን ሰበሰቡ። ስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የተጻፈው በእጄ ጽሑፍ ነው።

«ላኪው ይታወቅ» አሉ አቶ ጌጡ። «የማንም ሠራተኛ ይሁን፣ የእኔም ቢሆን፣ ዛሬውኑ ይሰናበታል። ከአሥራ አንዱ ቤትም አንዱ አይቀጥረውም።»

ያን ጊዜ እናቴ ታማ ምግቧም መድኃኒቷም ከእኔ ደመወዝ ነበር። ይህን ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ይህን የምጽፈው ለማስተዛዘን አይደለም፤ ጋሽ ሞላልኝም እንደሚያውቁት ለመንገር ነው። ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቃለሁ። የማሽኑን መዝገብ ረጅም ጊዜ አነበቡ፤ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላዩም። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀደሙ፤

«አንቱ? ሃምሳ፣ ሃምሳ የሚሉን ሰውዬ?»

«አዎ፣ ሃምሳ የምለው ሰውዬ» አሉ። «አረጀሁ መሰለኝ።»

እኔ ምን አደረግሁ? ጻፍኩት። «አቶ ሞላልኝ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን አመኑ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ከሥሩም ፈረምኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለመዝገቡ ጠባቂዎች ማመልከቻ ጻፉ። ቅጹ ሦስት መስመር ብቻ ይጠይቃል፤ እሳቸው ግን ፍርድ ቤት በር ላይ የለመዱት እጅ አልለቃቸው ብሎ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው አመልካቾች በታላቅ ትሕትና» ብለው ጀምረው፣ አገሩንም ተራራውንም አስገብተው፣ «ጥፋቱ የአንድ ሽማግሌ ስለሆነ ንጹሐኑ አብረው እንዳይገዘቱ» ብለው ገጽ ተኩል ሞሉት። ወደ እንግሊዝኛም ራሳቸው መለሱት። የሚያሳዝነው ደግሞ የመጀመሪያውን የላኩት በዚያው በታገደው ማሽን ነው፤ እሱም ተመልሶ መጣ። ይህን ሲያዩ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። ሁለተኛውን በሌላ አድራሻ ላኩት።

ግዝቱ ማመልከቻው በተላከ በዘጠነኛው ቀን ተነሣ። በስምንተኛው ቀን መስቀል ነበር። ተጓዦቹ ሌላ አገር፣ ሌላ ተራራ መረጡ።

ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ ጋሽ ሞላልኝን አሰናበተ። ኢሜይሉ ከጎንደር ለመጣ አንድ ድርጅት ተሰጠ። ቁልፉን ሲያስረክቡ ባትሪው ሲያስቸግር የት እንደሚነካ ለአዲሱ ሰውዬ በትዕግሥት አሳዩት። ከዚያ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው በእኛ ቤት በኩል አለፉ። እኔ ደጃፍ እጠርግ ነበር።

«የጋራውን የይለፍ ቃል ቀይሬዋለሁ» አሉኝ። «የሃምሳውን ገደብ ማሽኑ ላይ መጫን ነበረብኝ። ሰው ቃል ከገባ ማሽን ምን ያደርጋል ብዬ ነው የተውኩት። ስለዚህ እኔም አለሁበት። አንቺ ግን ስምሽን ጠብቂ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ። ደጃፉን መጥረጌን ቀጠልኩ።

«እኔም አለሁበት» የምትለዋን ንግግራቸውን ለብዙ ጊዜ እየመነዘርኩ ኖርኩባት። እንግዲያው «እኔ ነኝ» ማለታቸው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ዝም አላልኩም፤ እሳቸው ራሳቸው ብለውታል። ሰው የሚፈልገውን ሲያስረዳ ጎበዝ ጠበቃ ይወጣዋል።

የማሽኑ ስም በዘጠኝ ቀን ጸዳ። የእሳቸው ግን አልጸዳም። ደባርቅ ቅጽ የለውም፤ ሦስት መስመር ሞልተህ ስምህን የምታስወጣበት ቦታ የለም። ወደ ዳባት ወርደው ስልክና ሬዲዮ መጠገኛ ከፈቱ። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ስልኩን ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ያስገዘቱን እርስዎ ነዎት?» ይላቸዋል። «እኔ ነኝ» ይላሉ፣ ስልኩንም ይጠግናሉ። ግዝት እንደሚተላለፍ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ በኋላ ደግሞ ልጃቸው ሰብለ ለማኅበሩ ጸሐፊነት ስትወዳደር «የሞላልኝ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ተብላ ቀረች። ያን ቃለ ጉባኤም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ጎንደር ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። ስልኬን ለወጥኩ፤ አዲሱን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። እናቴን ልጠይቅ ወደ ደባርቅ በሄድኩ ቁጥር መኪናው ዳባት ይቆማል፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይወጣል። የጋሽ ሞላልኝ ሱቅ ከመንገዱ ዳር ነው። ሁልጊዜ መጋረጃውን እስብ ነበር።

ለአርባቸው ግን ወረድኩ።

ዳሱ ሞልቷል። አቶ ጌጡ አሉ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አሉ፣ የማኅበሩ ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም አሉ። ሰው በሞት ሲለይ የሚወሳለት ደግነት ሁሉ ይወሳል፤ በየመሀሉ ግን «ያችን ነገር ባያደርጋት ኖሮ» ይባላል። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ተነሣሁ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «ያን ሰላምታ የላክሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሞላልኝ አይደሉም። እኔ እንዳልባረር ብለው ነው በራሳቸው የወሰዱት። ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ይቅር በሉኝ።»

ድንጋይ ቢወረውሩብኝ ተዘጋጅቼ ነበር። አቶ ጌጡ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ውቤ» አሉ፤ ሙሉ ስሜ ውባለም ነው። «ይኼን ያህል እንደምትወጃቸው አላውቅም ነበር።»

«አይ፣ አቶ ጌጡ፣ እውነቴን ነው፤ እኔ…»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደርሰው አንገቴን አቀፉኝ። «የሙት ጥፋት በራሷ ላይ ስትወስድ! ሰማችሁ? ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ምነው የኔ ልጅ ባደረገሽ!»

«እማማ ጥሩወርቅ፣ ሃያ አንዱን መዝገብ እኔ ነኝ የገለበጥኩት! ነሐሴን ሙሉ!»

«እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ገባን» አሉ አንድ ቄስ ከወዲያ። «እግዚአብሔር ይህን ፍቅርሽን ይቁጠርልሽ።» ዳሱ ሁሉ አሜን አለ። ጠላ ቀዱልኝ።

ኑዛዜዬ እንዲህ ነው የተመለሰው። በየበሩ አንኳኳሁ፤ የሚቀበል አልተገኘም። ከዚያ ዳስ ስወጣ ስሜ ከገባሁበት ጊዜ ይልቅ ከፍ ብሎ ነበር፤ የእሳቸው ደግሞ የነበረበት ቀረ።

ሰብለ ከኋላዬ መጣች። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ አባቷን የመሰለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት።

«እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው። መዝገቡ ላይ አለ። የእኛ ቤት ኮምፒውተር መሆኑን ማሽኑ ጽፎታል።»

«የለም» አለች። «ያን ቀን ከስብሰባው መልስ አጥፍቶታል። ሲያጠፋው አጠገቡ ነበርኩ። ምንድን ነው ስለው ‹የተጨረሰ ነገር› አለኝ። ማን መሆኑን አልነገረኝም።» ወደ ሱቁ ዞረች። «ደብተሩ ግን አለ።»

ከሱቁ አምጥታ አሳየችኝ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ጥቂት መስመር ብቻ ናቸው፤ ዳባት ከወረዱ በኋላ አንዲት ትንሽ ሰርቨር ለራሳቸው ሠርተው ነበር። አዲስ ሰርቨር እስኪታመን ድረስ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጻፍበት፤ እሳቸው ደግሞ የሚጽፉለት ሰው ብዙ አልነበራቸውም። በሦስቱም እንቁጣጣሽ ላይ አንድ ዓይነት መስመር አለ፤ «ለውባለም። እንኳን አደረሰሽ። ለአንድ ሰው ብቻ የተላከ።» ስሜ በቀይ ነው።

ከሦስተኛው ጎን በጥቁር በደቃቁ ጽፈዋል፤ «አልመለሰችም። እሷ አይደለችም፤ ማሽኑ ቆሻሻ ውስጥ ጥሎት ይሆናል።»

«እንዲህ ነበር የሚለው» አለች ሰብለ። «ስልክሽንም ሲያጣ፣ መርዶውንም በኢሜይል ላኩላት፣ አንድ ቀን ቆሻሻውን ስትከፍት ታገኘዋለች አለ። ደርሶሽ ነበር ግን? የእሱ?»

አልደረሰኝም። የቆሻሻው ሳጥን ከወር ያለፈውን በራሱ ያጠፋል። ማሽኑ ጥሎታል ማለታቸው ልክ ነው። እሷ አይደለችም ያሉት ግን ልክ አይደለም፤ ማሽኑ እንዳልጽፍላቸው አልከለከለኝም፣ መጋረጃውንም የሳበው ማሽኑ አይደለም። ለሰብለ ይህንኑ ነገርኳት። እሷ ብቻ አመነችኝ፤ ጠላም አልቀዳችልኝም።

የዳሱ ሰዎች ስላልተቀበሉኝ እዚህ ጽፌዋለሁ። ማንም በፍቅር ነው እንዳይለኝ ቀኑንም ልጨምር፤ ጳጉሜን የመጨረሻ ቀን፣ ጠዋት፣ ከአቶ ጌጡ ማረፊያ ኮምፒውተር። ላኪዋ እኔ ውባለም ነኝ። ጋሽ ሞላልኝ በሕይወታቸው በአንድ ቀን ከሃምሳ ሰው በላይ ሰላም ብለው አያውቁም።